ዝም አለሽ ወይስ እምቢ አለሽ? ሪሞት አልገባ ሲል ከየት እንጀምር

«አልገባ አለኝ።»

ስልኬን ሳነሳ በብዛት የምሰማው ይህን ነው። ደዋዩ አንዳንዴ ሐረር ነው፣ አንዳንዴ ሳቢያን፣ አንዳንዴ ደግሞ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሁለት ቅያስ ዝቅ ብሎ። እሱ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል፣ በሪሞት፣ ማለትም ከሩቅ ሆኖ፣ ሊገባበት የፈለገው ሰርቨር (ሌሎች የሚገለገሉበት ኮምፒውተር) ሌላ ቦታ ነው። መሃል ላይ የሆነ ነገር ተበላሽቷል። የኔ እንጀራ ያንን የሆነ ነገር ማግኘት ነው፣ ቢቻል ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንገጎን ዳገት ሳልወጣ።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው ሪስታርት ነው። ኮምፒውተሩን፣ ከዚያ ራውተሩን፣ ከዚያ እንደገና ኮምፒውተሩን። አልፈርድም። እኔም ሲደክመኝ አደርገዋለሁ፣ አንዳንዴም ይሠራል። ክፋቱ ሲሠራ ለምን እንደሠራ አታውቁም፣ ካልሠራ ደግሞ ምልክቱን አጥፍታችኋል። ቀጥሎ ፓስወርድ መቀየር ይመጣል፣ ከዚያ ኬብል መንቀል፣ ከዚያ ዊንዶውስ እንደ አዲስ መጫን። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ።

እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ዝም ነው ያለሽ ወይስ እምቢ ነው ያለሽ?»

ይስቃሉ። ግን ጥያቄው የምር ነው። ዝምታና እምቢታ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፣ መድኃኒታቸውም አይገናኝም።

ሐረርን የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ጀጎል ግንብ አለው፣ ግንቡም ከጥንት የታወቁ 5 በሮች አሉት። የምትፈልጉት ቤት ውስጥ ቢሆንም ግንቡን ሰንጥቃችሁ አትገቡም፣ በበር ነው የምትገቡት። ሰርቨርም እንደዚያው ነው። አይፒ አድራሻ የሚባለው ከተማውን ያደርሳችኋል፣ ፖርት የሚባለው ደግሞ በሩ ነው። አንድ ኮምፒውተር 65,535 የበር ቁጥር አለው፣ ግን ከበሩ ጀርባ የሚሰማ ፕሮግራም ካልተቀመጠ ቁጥሩ ባዶ ነው። የዊንዶውስ ሪሞት ዴስክቶፕ 3389 ላይ ይቀመጣል። ሊኑክስ ሰርቨር የምንገባበት ኤስኤስኤች 22 ላይ። ድረ ገጽ በአብዛኛው 443 ላይ። ፋየርዎል ዘበኛው ነው።

በሩ ጋ ስትደርሱ መጀመሪያ ሰላምታ አለ። የእናንተ ኮምፒውተር «አለህ?» ይላል። ሰርቨሩ «አለሁ፣ አንተስ?» ይላል። የእናንተው «አለሁ» ብሎ ሰላምታውን ይጨርሳል። ፓስወርድ የሚጠየቀው ይህ ካለቀ በኋላ ነው። ሰላምታ ሳይጨርስ ጉዳይ አያነሳም፣ በዚህስ የኛው አገር ሰው ነው።

አሁን «አለህ?» ካላችሁ በኋላ የሚሆነውን እዩ። አንዱ፣ ወዲያው «እዚህ በር ላይ ማንም የለም» የሚል መልስ ይመጣል። ስክሪኑ ላይ «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» ይላል። ይህ እምቢታ ነው። ሰው ሲናደድበት አያለሁ፣ እኔን ግን ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም የመለሰ አለ ማለት ነው። መንገዱ ደህና ነው፣ ኬብሉ ደህና ነው፣ በዚያ አድራሻ ላይ መብራት ያለው አንድ ማሽን አለ። የቀረው በሩ ላይ መቀመጥ የነበረበት ፕሮግራም ነው፦ ወይ አልተነሳም፣ ወይ ሌላ ቁጥር ላይ ተቀምጧል፣ ወይ ደግሞ እናንተ የሌላ ሰው ቤት ነው ያንኳኳችሁት።

ሌላው ዝምታ ነው። «አለህ?» ትላላችሁ፣ የለም። ትደግማላችሁ፣ የለም። በመጨረሻ ኮምፒውተራችሁ ራሱ ተስፋ ቆርጦ «ታይምድ አውት» ይላል። ይህን የተናገረው ሰርቨሩ አይደለም፣ የእናንተው ማሽን ነው። ጥያቄው የሆነ ቦታ ጠፍቷል። ሰርቨሩ መብራት የለውም፣ ወይ ተኝቷል፣ ወይ መንገዱ ተቆርጧል፣ ወይ ዘበኛው ማንንም ሳያናግር ጥያቄውን ይጥላል። አብዛኞቹ ፋየርዎሎች እንደዚያ ናቸው። «አይቻልም» እንኳ አይሏችሁም።

የዊንዶውሱ ሪሞት ዴስክቶፕ ግን ይህን ልዩነት በግልጽ አይነግራችሁም፣ ሁልጊዜ ያናድደኛል። ሦስት ምክንያት ይደረድርና «ከነዚህ አንዱ ነው» ይላል፦ ሪሞት አልተፈቀደም፣ ኮምፒውተሩ ጠፍቷል፣ ኔትወርክ ላይ የለም። ሐኪም ጋ ሄዳችሁ «ወይ ወባ ነው፣ ወይ ጉንፋን ነው፣ ወይ ደህና ነህ» እንደመባል ነው። ስለዚህ እኔ ሰዓት እይዛለሁ። ሁለት ሦስት ሰከንድ ውስጥ ከመለሰ እምቢታ ነው። 20 ሰከንድ አካባቢ ቆሞ ቆሞ ከሆነ ዝምታ ነው፣ ዊንዶውስ በተለመደው አሠራሩ 21 ሰከንድ ያህል ሞክሮ ነው የሚተወው። ሊኑክስ የበለጠ ትዕግሥት አለው፣ ከ2 ደቂቃ በላይ ይጠብቃል። በሰዓት መሥራት ካላመናችሁት ዊንዶውስ ላይ ትእዛዝ የሚጻፍበት ፓወርሼል ውስጥ ቴስት-ኔትኮኔክሽን የሚባል ትእዛዝ አለ፣ አድራሻውንና የፖርቱን ቁጥር ስትሰጡት በሩ ተከፈተ ወይ ብሎ ይመልስላችኋል፣ ካልተከፈተ ደግሞ ፒንጉ (ማሽኑ አለ ወይ ብሎ የሚላከው አጭር ጥሪ) ደረሰ ወይ የሚለውን ለብቻው ይነግራችኋል።

አንድ ቀን ያጋጠመኝን ልንገራችሁ።

አንድ ሀጂ አሉ፣ ድሬ ላይ ሱቅ፣ ሐረር ላይ መጋዘን ያላቸው። የሒሳብ ሶፍትዌራቸው ያለው ድሬ፣ ሱቁ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ በተቀመጠ ተራ ኮምፒውተር ላይ ነው። ሐረር ያለችው ጸሐፊ በቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ በሚዘረጋ የግል መስመር) ትገባና መጋዘን የገባውንና የወጣውን ትመዘግባለች። አንድ ሰኞ ጠዋት ሀጂ ራሳቸው ደወሉ።

«ልጄ፣ ያ ኮምፒውተርህ ዛሬም አኩርፏል።»

«ሀጂ፣ ኮምፒውተሩ ያሉበት ነዎት? በርቷል?»

«ፊቴ ነው ያለው። ይሠራል። እኔ ጋ ይሠራል፣ እሷ ጋ ነው የማይሠራው።»

ጸሐፊዋ ጋ ደወልኩ። ዝም ነው ያለሽ ወይስ እምቢ? «ኧረ ቶሎ ነው የሚመልሰው፣ ገና ከመንካቴ» አለችኝ። እምቢታ። ከቤቴ በዚያው ቪፒኤን ገብቼ ሞከርኩ፣ 192.168.1.5 ፒንግ ይመልሳል፣ 3389 ግን ዝግ ነው። ሪሞት ዴስክቶፕን ያጠፋ ሰው አለ ብዬ ልደመድም ስል አንድ ነገር ከነከነኝ፣ በአሳሽ 192.168.1.5 ብዬ ከፈትኩት። ምን ቢመጣ ጥሩ ነው? የፕሪንተሩ ገጽ። የቶነሩ መጠን፣ የወረቀቱ መሳቢያ፣ ሁሉም ነገር።

የሆነው እንዲህ ነው። እሁድ መብራት ሄዶ ነበር። መብራቱ ሲመጣ ራውተሩ ተነሳ፣ ማን የትኛው አድራሻ ላይ እንደነበረ የያዘውን መዝገብ ግን ረስቶታል። ርካሽ ራውተር እንደዚያ ነው። ፕሪንተሩ ቀድሞ ነቃና አድራሻ ጠየቀ፣ 5 ቁጥር ተሰጠው። ኮምፒውተሩን ሀጂ ጠዋት ሲያበሩት ሌላ ቁጥር ደረሰው። እኛ ግን አሁንም 5 ቁጥር ቤት እያንኳኳን ነው። ፕሪንተሩ ደግሞ በጨዋ ደንብ «እዚህ 3389 የሚባል የለም» እያለ ይመልሳል።

መፍትሔው ራውተሩ ውስጥ የኮምፒውተሩን አድራሻ ቋሚ ማድረግ ነበር። የኔትወርክ ካርዱን መለያ ቁጥር ትመዘግቡና «ለዚህ ሁልጊዜ 5ን ስጥ» ትሉታላችሁ። 3 ደቂቃ አይፈጅም። መጀመሪያ ስዘረጋው ማድረግ ነበረብኝ፣ ሰንፌ ነው። ለሀጂ ይህን አልነገርኳቸውም።

ዝምታ ሲሆን ግን ፍለጋው ይረዝማል፣ መንገዱን ከራሳችሁ ደጅ ጀምራችሁ ደረጃ በደረጃ መሄድ አለባችሁ። መጀመሪያ የትእዛዝ መስኮቱ ላይ አይፒኮንፊግ ብላችሁ የራሳችሁን አድራሻ እዩ። በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ሌላውን ሁሉ ተዉት። ኮምፒውተራችሁ አድራሻ ለምኖ የሰጠው ስላጣ ለራሱ ፈጥሮ ነው የያዘው። ከራውተሩ ጋር አልተገናኛችሁም፣ ሰርቨሩን አትውቀሱ። አድራሻችሁ ደህና ከሆነ ራውተሩን ፒንግ አድርጉ፣ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው፣ ሲም የሚገባባቸው አንዳንድ ራውተሮች ላይ 192.168.8.1። እሱ ከመለሰ ወደ ውጭ ውጡ፣ 8.8.8.8 የጉግል ነው፣ ለፒንግ ይመልሳል። እሱም ከመለሰ ኢንተርኔት አለ። አሁን ሰርቨሩን በስሙ ሞክሩ። በቁጥሩ እየገባ በስሙ እምቢ ካለ የተበላሸው ዲኤንኤስ ነው፣ ማለትም ስምን ወደ ቁጥር የሚመነዝረው የስልክ ማውጫ። ብዙ ሰው «ኢንተርኔት ሄደ» የሚለው ኢንተርኔቱ ሳይሄድ ይህ ማውጫ ብቻ ሲጠፋ ነው።

ማስጠንቀቂያ አለኝ። ፒንግ አልመለሰም ማለት ማሽኑ ሞቷል ማለት አይደለም። የዊንዶውስ ፋየርዎል ራሱ ፒንግን የሚከለክልበት ጊዜ ብዙ ነው፣ በተለይ አዲስ ራውተር ተገዝቶ ዊንዶውስ «ይህን ኔትወርክ አላውቀውም» ብሎ ፐብሊክ ካለው። ፒንግ ከመለሰ ዜና ነው። ካልመለሰ ገና ምንም አታውቁም።

ዝምታው ሰዓት እያከበረ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ኔትወርኩን ተዉትና ክፍሉን ጠይቁ። ሰርቨር ተብሎ የተቀመጠ የቢሮ ኮምፒውተር 30 ደቂቃ ማንም ካልነካው የሚተኛ ተደርጎ ከሆነ በምሳ ሰዓት ይጠፋል። አንድ ቦታ በየቀኑ ከሰዓት ከ8 ሰዓት በኋላ ይጠፋ ነበር። ቪፒኤኑን ስንፈትሽ፣ ፋየርዎሉን ስንፈትሽ ሳምንት አለፈ። ለካ ዘበኛው ሙቀቱ ሲብስበት ራውተሩን ነቅሎ ቬንትሌተሩን ይሰካል። በድሬ ግንቦት ማን ይፈርድበታል? አንድ ማከፋፈያ ገዝተን ተገላገልን።

አንዳንዴ ደግሞ በሩ ተከፍቶ፣ ሰላምታው አልቆ፣ ፓስወርድ ላይ «ፐርሚሽን ዲናይድ» ይላል። ይህ ከዝምታም ከእምቢታም ውጭ ነው። ኔትወርኩ መቶ በመቶ ሠርቷል ማለት ነው፣ ስለዚህ ራውተሩን አትንኩት! እዚህ ጋ የማገኘው ምክንያት በአብዛኛው ያሳፍራል፦ ካፕስ ሎክ፣ ወይም የአማርኛ መጻፊያው በርቶ ቀርቶ። ፓስወርዱ በነጠብጣብ ስለሚታይ አይታወቅም። መጀመሪያ የተጠቃሚ ስም የሚጻፍበት ሳጥን ውስጥ ጻፉት፣ እዩት፣ አጥፉት። እየደጋገማችሁ ደግሞ አትሞክሩ። ብዙ ሊኑክስ ሰርቨሮች ላይ የሚጫነው ፌይልቱባን የሚባለው ፕሮግራም ሳይነካ እንደመጣ ከተተወ 5 ጊዜ የተሳሳተን አድራሻ ለ10 ደቂቃ ያግዳል። ያኔ ትክክለኛውን ፓስወርድ ብታስታውሱም በሩ ራሱ ተዘግቷል፣ እናንተም «ቅድም እኮ እየጠየቀኝ ነበር!» ትላላችሁ።

የሰዓቱን ጉዳይ ሳልነግራችሁ አላልፍም።

ሐረር አንድ መሥሪያ ቤት ያለች ልጅ ደወለች። ኮምፒውተሮቹ ሁሉ በአንድ ዶሜይን (ሁሉንም ከአንድ ሰርቨር በሚያስተዳድር አሠራር) ሥር ናቸው፣ እሷ ብቻ ናት መግባት ያልቻለችው። የስክሪኑን ፎቶ በቴሌግራም ላኪልኝ አልኳት። መልእክቱ በእናንተና በሰርቨሩ መካከል የሰዓት ወይም የቀን ልዩነት አለ ይላል። ፎቶውን አጉልቼ የስክሪኑን ቀኝ ጥግ አየሁት። 3፡20 ይላል። የኔ ላፕቶፕ 9፡20 ይላል።

«ሰዓቱን የነካው ሰው አለ?»

«እኔ ነኝ፣ ተሳስቶ ነበር እኮ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ሆኖ 9 ይላል፣ አስተካከልኩት።»

ልክ ነበረች። በኛ አቆጣጠር 3 ሰዓት ከ20 ነው። ኮምፒውተሩ ግን የሚያውቀው የፈረንጁን ነው፣ እና እሷ ባለማወቅ ማሽኑን 6 ሰዓት ወደ ኋላ መልሳዋለች። በዶሜይን ውስጥ ማንነትን የሚያጣራው ከርቤሮስ የሚባለው አሠራር በተለመደው አቀማመጡ ከ5 ደቂቃ በላይ ልዩነት አይታገስም። የይለፍ ወረቀቱ ሰዓት ስለሚጻፍበት ነው፣ አንድ ሰው የትናንቱን ወረቀት ሰርቆ ዛሬ እንዳይገባበት። 6 ሰዓት ሲያይ ሌባ ናት ብሎ ነው የሚያስበው። (ተራ ሠራተኛ ሰዓት መቀየር እንዴት ተፈቀደላት አትበሉኝ። እዚህ አገር ሁሉም አድሚን ነው።) ሰዓቱን መልሰን አስተካከልነው። የሰዓት ቀጠናውን ስታዩ ደግሞ የዊንዶውሱ ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባን አትፈልጉ፣ የለችም። ናይሮቢ የሚለውን ምረጡ፣ እኛም እነሱም ዓለም አቀፉን ሰዓት (ዩቲሲ) 3 ሰዓት ነው የምንቀድመው።

የሳንቲም ባትሪውም እዚሁ ይመጣል። አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ሲአር2032 የምትባል ክብ ባትሪ አለች፣ መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የምትይዘው እሷ ናት። ስትሞት ኮምፒውተሩ መብራት በሄደ ቁጥር ወደ ድሮ ዘመን ይመለሳል፣ ከዚያ የሴኩሪቲ ሰርተፊኬት ሁሉ «ገና አልጀመረም» ወይም «አልፎበታል» ይባላል። እዚህ መብራት የሚሄደው በየስንት ጊዜው እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። ባትሪዋን ቀይሩ፣ ሰዓት ቤትም ትገኛለች።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚለፋበት፣ ግን ሠርቶ ወደማያውቀው ነገር ልግባ። በነሐሴ 2014 የአገሪቱ ሁለተኛ የሞባይል ኦፕሬተር አገልግሎት ሲጀምር የመጀመሪያዋ ከተማ ድሬዳዋ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ሲም በራውተር ከትቶ ቢሮ መክፈት እዚህ ቀላል ሆኗል፣ የየትኛውም ይሁን። ኢንተርኔቱ ይሄዳል። ከዚያ ሰውዬው ከዩቲዩብ አይቶ ፖርት ከፍቶ፣ ከውጭ ልግባ ይላል። ዝም። ቀኑን ሙሉ ዝም። ራውተሩን ይቀይራል። አሁንም ዝም።

ምክንያቱ ይህ ነው። የዓለም አሮጌው የአይፒ አድራሻ ጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ነው፣ ለሁሉም ስልክና ራውተር አይበቃም። ስለዚህ የሞባይል ኦፕሬተሮች በብዙ አገር አንድን አድራሻ ለብዙ ደንበኛ ያካፍላሉ። ብዙ ተከራይ ያለበትን አንድ ግቢ አስቡ። የውጭው በር አንድ ነው፣ ዘበኛ አለው። ከውስጥ የወጣ ሰው ሲመለስ ዘበኛው ያውቀዋል፣ ያስገባዋል። ከውጭ መጥቶ «ልጁ አለ?» ለሚል ግን «የቱ ልጅ?» ነው። ኦፕሬተሩ ጋ ያለው ዘበኛ ደግሞ እሱንም አይልም፣ ዝም ነው። እናንተ የክፍላችሁን በር ብትከፍቱ የውጭው በር የእናንተ አይደለም።

የምታውቁት እንዲህ ነው። ራውተሩ ውስጥ ገብታችሁ የውጭ አድራሻ ወይም ዋን የሚለውን እዩ። ከዚያ «አይፒ አድራሻዬ ምንድን ነው» የሚል ድረ ገጽ ላይ የሚወጣውን እዩ። ሁለቱ ከተለያዩ ግቢ ውስጥ ናችሁ። ራውተሩ ላይ ያለው ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከጀመረማ ማወዳደርም አያስፈልግም፣ ያ ክልል እ.ኤ.አ. በ2012 ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተለየ ነው። በ10 ከጀመረም ያው ነው።

መውጫው ሁለት ነው። ወይ ቋሚና የራሳችሁ የሆነ አድራሻ ትገዛላችሁ፣ ወይ ሁለቱም ወገን ወደ ውጭ የሚደውልበትን መንገድ ትጠቀማላችሁ። ቲምቪወርና አኒዴስክ እንደዚያ ነው የሚሠሩት፣ ሁለታችሁም መሃል ላይ ወዳለ ሰርቨር ትደውሉና እሱ ያገናኛችኋል። ለድርጅት ከሆነ የኔ ምርጫ ውጭ አገር አንዲት ትንሽ ሰርቨር ተከራይቶ ዋየርጋርድ ቪፒኤን መዘርጋት ነው። ድሬም ሐረርም ወደ እሷ ይደውላሉ፣ እዚያ ይገናኛሉ። ትንሽ መዘግየት አለው፣ ምክንያቱም ከሱቅ ወደ መጋዘን የሚሄደው ቃል አውሮፓ ደርሶ ነው የሚመጣው። በፋይበር ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። 5 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዶ ለመመለስ ብቻ 50 ሚሊሰከንድ ይፈልጋል፣ መንገዱ ደግሞ ቀጥ ያለ አይደለም። ማውዙ ትንሽ ይጎተትባችኋል እንጂ ይሠራል።

ከሁሉም የሚያበሳጨው ግን አልገባም የሚለው አይደለም። ገብቶ የሚሰቅለው ነው። ቪፒኤኑ ተገናኝቷል ይላል፣ ፒንግ ይመልሳል፣ ሪሞቱ ፓስወርድ ይቀበላል፣ ከዚያ ጥቁር ስክሪን። ወይ ትንሽ ፋይል ያልፋል፣ ትልቅ ፋይል ይቆማል። ሰው ይህን «ኔትወርኩ ስለደከመ ነው» ብሎ ይተወዋል። ብዙ ጊዜ አይደለም።

በኔትወርክ ላይ ዕቃ የሚጓዘው ተቆራርጦ በጥቅል ነው፣ የተለመደው ትልቁ ጥቅል 1,500 ባይት ነው። በመንገድ ላይ ግን ጠበብ ያለ ቦታ ይኖራል። በስልክ መስመር የሚመጣው ኢንተርኔት ብዙ ጊዜ 8 ባይት ለራሱ ይወስድና 1,492 ያስቀራል። ቪፒኤን በላዩ ሌላ መጠቅለያ ይጨምራል። የጀጎልን ቅያሶች ታውቋቸዋላችሁ። ሰው ያልፋል፣ ባጃጅ አይገባም። ፒንግና ፓስወርድ እግረኛ ናቸው፣ ያልፋሉ። የስክሪኑ ምስል ባጃጅ ነው፣ መግቢያው ላይ ይቀራል። ደንቡ መንገድ ላይ ያለው መሣሪያ «ጥቅልህ ተልቋል፣ አሳንሰህ ላክ» ብሎ መመለስ ነበረበት። ግን አንዱ ጠንቃቃ ነኝ ባይ ፋየርዎል ያንን መልእክት ይጥለዋል። ስለዚህ ማንም ለማንም ሳይናገር ሁሉም ይጠብቃል። እንደገና ዝምታ፣ የዚህኛው ግን በሩን ካለፋችሁ በኋላ ነው።

ለማጣራት ፒንግን «አትቆራርጠው» የሚለውን ምልክት ጨምራችሁ በ1,472 መጠን ላኩት። ለምን 1,472? 28 ባይት የፒንጉ መጠቅለያ ነው፣ ሲደመር 1,500። ካላለፈ እየቀነሳችሁ ሞክሩ፣ መጀመሪያ ያለፈው ቁጥር ላይ 28 ደምሩ፣ የመንገዱ ስፋት እሱ ነው። ከዚያ የቪፒኤኑን ኤምቲዩ፣ ማለትም የትልቁን ጥቅል መጠን፣ ከዚያ ቁጥር ዝቅ አድርጉት። ዋየርጋርድ ሲዘረጋ ብዙውን ጊዜ 1,420 ላይ ነው የሚቀመጠው፣ እኔ ሲያስቸግረኝ 1,380 አደርገዋለሁ። ጥቁሩ ስክሪን ሲበራ የማየት ደስታ አለ፣ ያላየው አያውቀውም።

ይህን ሁሉ ስለፋ የሚያዩኝ ሰዎች «ለምን 3389ን ለኢንተርኔት ከፍተህ አትገላገልም?» ይሉኛል። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ። አንድ ጊዜ ለሙከራ ብዬ ለአንድ ሌሊት ከፍቼው አደርኩ። ጠዋት የዊንዶውሱን መዝገብ ስከፍት 4625 ቁጥር፣ ማለትም ያልተሳካ የመግባት ሙከራ፣ ከላይ እስከ ታች ሞልቶታል። አድሚኒስትሬተር፣ አድሚን፣ ዩዘር፣ ቴስት። ማንም እኔን ብሎ የመጣ የለም፣ በዓለም ዙሪያ በር ሲያንኳኩ የሚያድሩ ማሽኖች ናቸው። በግንቦት 2019 እ.ኤ.አ. ብሉኪፕ የተባለው የሪሞት ዴስክቶፕ ቀዳዳ ሲታወቅ ያለ ፓስወርድ መግባት የሚያስችል ስለነበር ማይክሮሶፍት ድጋፉን ላቆመለት ለዊንዶውስ ኤክስፒ ሳይቀር መጠገኛ አውጥቷል። በሩን ወደ ሌላ ቁጥር ማዛወርም ብዙ አያድናችሁም፣ ሁሉንም ቁጥር ያንኳኳሉ። ከቪፒኤን ጀርባ አስቀምጡት፣ አለቀ።

ኤስኤስኤች የምትጠቀሙ ደግሞ አንድ ቀን በትልልቅ ፊደል የሰርቨሩ ማንነት ተቀይሯል የሚል ማስፈራሪያ ይመጣባችኋል። ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው ምክር «ኮምፒውተርህ የያዘውን የድሮ መለያ አጥፋውና ቀጥል» ነው። ቆይ እንጂ። ኤስኤስኤች የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1995 ፊንላንድ ውስጥ በዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ ፓስወርድ እየጠለፉ የሚሰርቁ ከተገኙ በኋላ ነው። መሃል ገብቶ ሰርቨሩን የሚመስል ካለ የሚነግራችሁ ይህ መልእክት ብቻ ነው። ሰርቨሩን የሚያስተዳድረው ሰው ጋ ደውሉ፣ «እንደ አዲስ ጭነኸው ነበር?» በሉት። አዎ ካለ አጥፉትና ቀጥሉ። ብዙ ጊዜ አዎ ነው። ስልኩ ግን 2 ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት እኔ ሰው ሳስተምር የምውል አዋቂ ሆኜ አይደለም። ሐረር ያለ አንድ ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ፋየርዎል ላበራ ነበር። ማታ ነው፣ ቤቴ ነኝ። ትእዛዙን ስጽፍ «ይህ አሁን ያለውን የኤስኤስኤች ግንኙነት ሊያቋርጥ ይችላል፣ ልቀጥል?» ብሎ ጠየቀኝ። በጨዋነት። አዎ አልኩት። ምንም አልተቋረጠም፣ የከፈትኩት መስኮት እንዳለ ይሠራል። ጎበዝ ነኝ ብዬ ዘግቼ ወጣሁ። ሻይ ጠጥቼ ተመልሼ ልግባ ስል ዝም። 22 ቁጥርን ፍቀድ ማለት ረስቻለሁ፣ ፋየርዎሉ ቀድሞ ውስጥ የነበረውን አልነካም፣ አዲስ የሚመጣውን ግን ሳያናግር ይጥላል። አሁን ፋየርዎል ስነካ አሮጌውን መስኮት ሳልዘጋ በሁለተኛ መስኮት ገብቼ አያለሁ፣ ከዚያም በላይ ከ10 ደቂቃ በኋላ ፋየርዎሉን ራሱ እንዲያጠፋ ሰዓት እሞላለታለሁ፣ ደህና ከገባሁ ያንን እሰርዛለሁ።

ያን ጊዜ ግን ይህን አላውቅም ነበር። በማግሥቱ ጠዋት በሚኒባስ ደንገጎን ወጣሁ። ሐረር ደረስኩ፣ ቁልፉን የያዘው ሰው እስኪመጣ አንድ ሰዓት ቆምኩ፣ ኪቦርድ ሰክቼ አንድ መስመር ጻፍኩ። ሰውዬው ከኋላዬ ቆሞ ነበር።

«አለቀ?»

«አለቀ።»

«ለዚህ ነው ከድሬ የመጣኸው?»

ፈጢራ በልቼ ልመለስ ነው አልኩት።